አምቡላንስ ወደኋላ ሲሄድና ፍሬን ሲይዝ የኋላ ማስጠንቀቂያ መብራቱ እንዲበራ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ሕመምተኛ ለማንሳት የገባ አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ፊቱን አዙሮ አይወጣም። ማዞሪያ የለማ! ሹፌሩ በመስታወት እያየ፣ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ "ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" እያለው፣ በሁለት አጥር መካከል ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ከኋላ ሰው አለ። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፣ ከገበያ ሸክም ይዛ የምትመጣ እናት አለች። እኛ ድሬዳዋ ደግሞ ችግሩ ባጃጅ ነው። ሳይረን ሰምቶ ጥግ የሚይዝ እንዳለ ሁሉ፣ አምቡላንሱ በከፈተው መንገድ ለማለፍ ጅራቱ ላይ የሚለጠፍም አለ። አምቡላንሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መጀመሪያ የሚገባበት ያ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ የአምቡላንስ ሹፌሮች ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "ወደኋላ ስሄድና ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ያለው ሰው ከሩቁ ይወቅልኝ።" ሥራው በትክክል ሲሠራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በአቋራጭ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ የማስጠንቀቂያውን ሽቦ በቀጥታ ከፍሬን መብራቱ ሽቦ ጋር ማጣመርና በናስትሮ መጠቅለል ነው። ይበራል። ሹፌሩም አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን የፍሬን መብራቱ ፊውዝ ይቃጠልና አምቡላንሱ ሕመምተኛ ጭኖ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ያለ ፍሬን መብራት ይወርዳል። ሹፌሩ አያውቅም፤ ጅራቱን ማየት አይችልምና።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ከፍሬኑና ከኋላ ማርሹ ሽቦ የምንወስደው ወሬ ብቻ ነው፤ "ፍሬን ተይዟል"፣ "የኋላ ማርሽ ገብቷል" የሚል ምልክት ማለቴ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከባትሪ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን በተግባር ለማዋል ነው።

መመሪያው ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋ መኪናና ለመሳሰሉት፣ የአደጋ ጊዜ መብራት እንዲይዙ ለተፈቀደላቸው ተሽከርካሪዎች ነው። በግል መኪናው ላይ ይህን ሥራልኝ የሚለኝን እመልሰዋለሁ።

መብራቱ መቼ ይብራ?

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ከሹፌሩ ጋር ቁጭ በሉና ይህን ተስማሙ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ከኋላ በኩል፣ ከጣሪያው መብራት የተለዩ ሁለት ብልጭ ድርግም የሚሉ ብርቱካናማ መብራቶች እተክላለሁ። የኋላ ማርሽ ሲገባ፣ ጣሪያው በራም ጠፋም፣ ሁለቱ ይሠራሉ። ፍሬን ሲያዝ ግን የሚሠሩት የጣሪያው የአደጋ መብራት በርቶ ከሆነ ብቻ ነው። አምቡላንሱ ሕመምተኛውን ድል ጮራ ሆስፒታል አድርሶ ባዶውን በከዚራ በኩል ሲመለስ ፍሬን ቢይዝ፣ እንደማንኛውም መኪና ቀዩ የፍሬን መብራት ብቻ ይበራል።

"ሁልጊዜ ቢበራስ ምን ይጎዳል?" ይሉኛል። ይጎዳል። ባዶ አምቡላንስ በየአደባባዩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሲያብለጨልጭ ሰው ይለምደዋል፤ በእውነተኛው ቀንም ዞር ብሎ አያየውም። በአደጋ ጉዞ ላይም ቢሆን ሁለቱ የኋላ መብራቶች ፍሬን እስኪያዝ ድረስ ጠፍተው መቆየት አለባቸው። ከኋላ የሚከተለው ባጃጅ የሚነቃው በለውጡ ነው፤ ጠፍቶ የነበረ ነገር ድንገት ሲበራ።

ሌላው፣ ራሱን የፍሬን መብራቱን ብልጭ ድርግም ለማድረግ አትሞክሩ። ቀዩ መብራት ፔዳሉ እስከተረገጠ ድረስ ሳይቆራረጥ መብራት አለበት። የእኛ ሥራ ከጎኑ ሌላ ምልክት መጨመር እንጂ እሱን መነካካት አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሁለት ባለ አምስት ወይም ባለ አራት እግር ሪሌ (በትንሽ ጉልበት የሚታዘዝ ማብሪያ)፤ መኪናው 12 ቮልት ከሆነ የ12፣ 24 ቮልት ከሆነ የ24። እዚህ አትሳሳቱ። ብዙዎቹ የእሳት አደጋ ከባድ መኪኖች 24 ናቸው። ባለ 12 ቮልት ሪሌ 24 ላይ ሲገባ ጥቅሉ (ማብሪያውን የሚስበው ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ) ይቃጠላል፤ ባለ 24ቱ 12 ላይ ሲገባ ደግሞ ጨርሶ አይስብም። ኮፈኑ ስር ሁለት ባትሪ ስላያችሁ 24 ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጎን ለጎን ተያይዘው 12 የሚሰጡም አሉ። በመልቲሜትር ለኩ።

ዳዮድ (ጉልበትን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) አራት፤ ዋን ኤን 4007 የሚባለው ይበቃል። አንድ አምፔር ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ መጠባበቂያ ጨምራችሁ ግዙ። አንድ ትልቅ የፊውዝ ቤት ለዋናው መስመር፣ ሦስት ትንንሽ የፊውዝ ቤት ከ2 አምፔር ፊውዝ ጋር ለወሬ መስመሮቹ። ወፍራም ሽቦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ቀጭን ሽቦ 0.75 ወይም 1። ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨመቅ ማያያዣ ብረት)፣ መጨመቂያ ፒንሳ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ሸንተረር ያለው የሽቦ መከላከያ ቱቦ፣ ቆርቆሮ በሚበሳበት ቦታ የሚገባ የጎማ ቀለበት። እና መልቲሜትር። በአምፖል ብቻ የሚሠራ መፈተሻ ለቆዩ መኪኖች ይሆናል፤ ኮምፒውተር ባለባቸው አዳዲሶቹ ላይ ግን አምፖሉ የሚስበው ጉልበት ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል መልቲሜትሩን ተጠቀሙ።

ስለ ናስትሮ አንድ ነገር ልበል። የድሬዳዋን ሙቀት የምታውቁት ነው። ኮፈን ስር ሲሆን ደግሞ የሞተሩ ይጨመርበታል። የናስትሮው ማጣበቂያ ይቀልጥና ይንሸራተታል፤ አቧራ ይይዛል፤ በዓመቱ ስትከፍቱት ሽቦው ራቁቱን ታገኙታላችሁ። በሙቀት የሚሸበሸበው ቱቦ ትንሽ ይወደዳል እንጂ እንዲህ አያደርግም።

መብራቶቹን ስትመርጡ ኤልኢዲ ይሁኑ። ባለ 55 ዋት ሃሎጅን አምፖል ያለው የሚሽከረከር መብራት ሁለት ብትተክሉ 110 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 9 አምፔር ያልፋል። ኤልኢዲዎቹ ከዚህ በጣም ባነሰ ይሠራሉ። የብልጭታው ፍጥነት የሚመረጥ ከሆነ በጣም የሚቸኩለውን ተዉት። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 65 ለእንዲህ ዓይነት መብራቶች የሚያስቀምጠው በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ብልጭታ ነው፤ እኔም ከዚያ አልወጣም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

አምቡላንሱ ከተራ መውጣቱን ስምሪት የሚሰጠው ክፍል ይወቅ። ሽቦው ተፈትቶ እያለ ስልክ ተደውሎ "ቶሎ ገጣጥመው" መባል ለስህተት በር ይከፍታል። በጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሩ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ የሻንሲው ሥራ ያልቃል።

የኦክስጅን ሲሊንደሩ ይውረድ። ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነድን ነገር ሁሉ ግን ያባብሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ የመበየጃ ካውያ ማጋል፣ ቱቦ ለማሸብሸብ ላይተር መለኮስ፣ ቆርቆሮ በትራፓኖ መብሳት አይፈቀድም። ሲሊንደሩ ከወረደ በኋላ በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ጥቂት አናፍሱት።

ከዚያ ጎማው ይታገድ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ባትሪውን አሁን አትፍቱ፤ መጀመሪያ ልኬት አለ።

የመኪናውን ጠባይ ማወቅ

የሽቦ ቀለም አትመኑ። ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አምቡላንስ በየጊዜው የሆነ ነገር የሚጨመርበት መኪና ነው። የምታምኑት መልቲሜትሩን ነው።

የፍሬን ወሬ የሚገኝበት ሁለት ቦታ አለ፤ ፔዳሉ አናት ላይ ያለው ማብሪያና ከኋላ መብራቱ ያለበት ቦታ። የመልቲሜትሩን ጥቁር እጅ ንጹሕ ቦዲ ላይ አድርጉ፣ ቀዩን በሽቦው ላይ። ረዳታችሁ ፔዳሉን ሲረግጥ 12 ቮልት ገደማ፣ ሲለቅ ዜሮ ካነበባችሁ አገኛችሁት። ከዚያ ፍሬቻውን በግራም በቀኝም አስበሩና ያው ሽቦ ላይ እንደገና ለኩ። ከአሜሪካ በመጡ አንዳንድ መኪኖች ላይ አንዱ አምፖል ፍሬንም ፍሬቻም ሆኖ ይሠራል። እንዲህ ካለው ሽቦ ወሬ ከወሰዳችሁ አምቡላንሱ በታጠፈ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይበራል። ያን ጊዜ የፔዳሉን ማብሪያ ተጠቀሙ፤ እዚያ የፍሬቻ ወሬ ገና አልተቀላቀለም።

የኋላ ማርሹ ማብሪያ ካምቢዮው ላይ ነው ያለው፤ ግን ስሩ ገብቶ መልፋት አያስፈልግም። ከኋላ ነጩ መብራት ጋ ለኩ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ረዳቱ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ 12 ይመጣል፤ ሲያወጣ ይጠፋል። በድሮዎቹ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ላይ ይህ ቀላል ነው። አዲስ መኪና ላይ ንባቡ እየዋለለ ካስቸገራችሁ መብራቱን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው ማለት ነው፤ የዚያን መኪና የሽቦ ሥዕል ሳትይዙ ወደፊት አትሂዱ።

ሦስተኛው ወሬ ከጣሪያው መብራት ማብሪያ የሚመጣው ነው። ማብሪያው ሲከፈት 12 የሚያገኘውንና ሲዘጋ የሚጠፋውን ሽቦ ፈልጉ። የሳይረኑን ሳይሆን የመብራቱን። ሌሊት ሳይረን አጥፍቶ መብራት ብቻ እያበራ የሚሄድ ሹፌር ብዙ ነው።

ሦስቱንም ካገኛችሁ በኋላ በወረቀት ላይ ጻፉ፣ በሽቦው ላይም ምልክት አድርጉ። አሁን የባትሪውን ነጋቲቭ ፍቱ።

በረኛውና ተሸካሚው

ሪሌ ማለት በትንሽ ጉልበት ትልቅ ጉልበት የሚያዝ ማብሪያ ነው። እግሮቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከጀርመን ስታንዳርድ የመጡ ናቸው፤ የትም አገር የተሠራ ብዙው የመኪና ሪሌ ይከተላቸዋል። 85ና 86 የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። 30 ጉልበት የሚገባበት፣ 87 ጥቅሉ ሲስብ ጉልበቱ የሚወጣበት ነው። አምስተኛ እግር ካለው 87ኤ ነው፤ ለእኛ ሥራ አያስፈልግም፣ ሸፍናችሁ ተዉት።

ጥቅሉ የሚወስደው ከ0.15 እስከ 0.2 አምፔር ገደማ ነው። አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ግን 1.75 አምፔር ይወስዳል። እንግዲህ የፍሬን ሽቦው ላይ የምንጭነው ሸክም የአንድ አምፖል አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፊውዙም ሽቦውም አይሰማቸውም።

ሁለቱን ሪሌዎች ለተማሪዎቼ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። አንዱ በረኛ ነው፤ ፍሬኑ ሲያዝ የጣሪያውን ወሬ ያሳልፋል፣ ሳይያዝ አያሳልፍም። ሁለተኛው ተሸካሚ ነው፤ ከባትሪ የመጣውን ጉልበት ለኋላ መብራቶቹ ያደርሳል።

በረኛው እንዲህ ይገናኛል። 86ቱ ላይ የፍሬኑ ወሬ በ2 አምፔር ፊውዝ በኩል ይመጣል። 85ቱ ወደ ነጋቲቭ። 30ው ላይ የጣሪያው ማብሪያ ወሬ፣ እሱም በ2 አምፔር ፊውዝ በኩል። 87ቱ በአንድ ዳዮድ አልፎ ወደ ተሸካሚው 86 ይሄዳል።

ተሸካሚው ደግሞ እንዲህ። 86ቱ ላይ ሁለት መንገድ ይገናኛል፤ አንዱ ከበረኛው የመጣው፣ ሌላው የኋላ ማርሹ ወሬ በ2 አምፔር ፊውዝና በራሱ ዳዮድ አልፎ። 85ቱ ወደ ነጋቲቭ። 30ው ላይ ከባትሪ በዋናው ፊውዝ በኩል የመጣው ወፍራም ሽቦ። 87ቱ ወደ ሁለቱ የኋላ መብራቶች።

ፊውዞቹን ወሬው በሚወሰድበት ቦታ አጠገብ አስቀምጡ እንጂ ሪሌው ጋ አታርቋቸው። ቀጭኑ ሽቦ መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ የሚቃጠለው የእኛ 2 አምፔር ይሆናል፤ የመኪናው የፍሬን ፊውዝ አይነካም።

አንዳንድ ጓደኞቼ በረኛውን ገልብጠው ይሠሩታል፤ ጥቅሉን ጣሪያው ይስበዋል፣ የፍሬኑ ወሬ በ30ና በ87 ያልፋል። ይሠራል፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥርም የሪሌ ቋታ አይሰማም። እኔ አልወደውም። በዚያ አሠራር አንዱ ዳዮድ ቢበላሽ፣ ከኋላ ማርሹ የመጣው ጉልበት ተመልሶ የፍሬን ሽቦ ውስጥ ይገባል፤ አምቡላንሱ ወደኋላ ሲሄድ የፍሬን መብራቱ አብሮ ይበራል። በእኔ አሠራር የፍሬን ሽቦው የሚነካው ጥቅል ብቻ ነው። ተመልሶ የሚገባበት መንገድ የለም።

ዳዮዶቹ ለምን?

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ የተሠራ አምቡላንስ መጣልኝ። ሹፌሩ የነገረኝ እንዲህ ነው፦ ከሐረር ሕመምተኛ ይዞ ደንገጎን ሲወርድ ከኋላው ያለ የጭነት መኪና ክላክስ እየነፋ ይርቀዋል፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይነፋል። ድሬዳዋ ሲደርሱ የጭነት መኪናው ሹፌር ወርዶ "ወደኋላ ልትመጣብኝ ነበር እንዴ?" አለው። ጅራቱን ቆሜ አየሁት። ጣሪያው በርቶ ፍሬን ሲረገጥ ነጩ የኋላ ማርሽ መብራት አብሮ ይበራል። ቁልቁለት ላይ ከፊቱ ያለው መኪና ነጭ መብራት ሲያሳየው የከባድ መኪና ሹፌር ምን ሊያስብ ይችላል?

ምክንያቱ ዳዮድ አለመኖሩ ነበር። ሁለቱ መንገዶች ተሸካሚው 86 ላይ ይገናኛሉ ብያለሁ። ሽቦ ደግሞ በሁለቱም በኩል የሚያስኬድ መንገድ ነው። ከበረኛው የመጣው ጉልበት ጥቅሉ ጋ ደርሶ አይቆምም፤ በኋላ ማርሹ ሽቦ ተመልሶ ሄዶ ነጮቹን አምፖሎች ያበራል። ዳዮድ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ ይህን መመለስ ያግዳል።

"እሺ፣ በኋላ ማርሹ በኩል አንድ ይበቃል" የሚል አለ። አይበቃም። ሹፌሩ ጣሪያውን አጥፍቶ ወደኋላ እየሄደ ፍሬን ቢይዝ በረኛው ይከፈታል፤ የኋላ ማርሹ ጉልበት በ87 ገብቶ በ30 ይወጣና የጣሪያውን መብራት በዚያ ቀጭን ሽቦ ለማብራት ይሞክራል። ወይ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ወይ የጣሪያው መብራት ያለ ትእዛዝ ይበራል። ወደኋላ የሚሄድ ሹፌር ፍሬን መያዙ ደግሞ የማይቀር ነው። ስለዚህ ሁለት ዳዮድ፤ ለየመንገዱ አንድ አንድ።

ዳዮዱ ላይ ነጭ ወይም ብርማ መስመር አለ። መስመሩ ያለበት ጫፍ ወደ ተሸካሚው 86 ይዞር። በልኬት አረጋግጡ፤ መልቲሜትሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አድርጋችሁ በአንድ በኩል 0.6 ገደማ፣ በሌላው ምንም ማንበብ የለበትም። ከመበየዳችሁ በፊትም ከበየዳችሁ በኋላም ለኩት፤ ሲበየድ ሙቀት በዝቶበት የሚበላሽ አለ።

የቀሩት ሁለት ዳዮዶች ለሪሌዎቹ ጥቅል ናቸው። ጥቅል ሲጠፋ ለቅጽበት በተቃራኒው ከፍተኛ ቮልት ይተፋል፤ ይህ ለኮምፒውተሩም ለሬዲዮ መገናኛውም ጥሩ አይደለም። በየሪሌው 85ና 86 መካከል አንድ ዳዮድ አስገቡ፣ መስመሩ ወደ 86። እዚህ ከተገለበጠ አጭር መንገድ ይሆንና ፊውዙ ወዲያው ይቃጠላል። ውስጡ ዳዮድ ያለው ሪሌ ከገዛችሁ ሰውነቱ ላይ ተሥሎ ታገኙታላችሁ፤ ያን ጊዜ የውጭው አያስፈልግም፤ 86ቱን ፖዘቲቭ፣ 85ቱን ነጋቲቭ ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

ዋናው ፊውዝና የሽቦው ውፍረት

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ይሁን። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፤ ቦዲ ቢነካ መኪናው የሚነደው በዚያ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው የሚሠራው።

የፊውዙን መጠን ለማግኘት የመብራቶቹን ዋት ደምራችሁ ለቮልቱ አካፍሉ፣ ከዚያ ሩብ ጨምሩበት፣ ከፍ ያለውን ቅርብ መጠን ውሰዱ። ሁለቱ ኤልኢዲዎች 4 አምፔር ቢወስዱ 5 ይሆናል፤ 5 ወይም 7.5 ታደርጋላችሁ። ሃሎጅኖቹ 9.2 ከሆኑ 11.5፤ 15 ታደርጋላችሁ። ፊውዙ ከሽቦው አቅም እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው።

ስለ ውፍረቱ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ከኮፈኑ እስከ ኋላው በር ሽቦው 6 ሜትር ገደማ ይሄዳል እንበል። ሃሎጅኖቹን በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ብታስኬዱ መንገድ ላይ ብቻ 1 ቮልት ገደማ ይጠፋል። በ2.5 ሲሆን 0.4 አይሞላም። ቀጭኑ ይሞቃል፣ መብራቱም ይደክማል። ኤልኢዲ ቢሆንም 2.5ቱን ዘርጉ፤ ወደፊት መብራት ሊጨመር ይችላል።

ሽቦውን መዘርጋት

ሪሌዎቹን ኮፈን ስር ሳይሆን ጋቢና ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ስር፣ ከፔዳሎቹ ርቀው ስቀሉ። እግሮቻቸው ወደ ታች ይሁኑ፤ ውኃ ቢገባ ይወርዳል እንጂ አይተኛባቸውም። ፔዳሉ አካባቢ የሚያልፍ ሽቦ በየስንዝሩ ይታሰር። የተንጠለጠለ ሽቦ የፍሬን ፔዳል ውስጥ ቢገባ የሠራችሁት ሥራ ሰው ይገድላል። ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች ካያችሁ የኤርባግ ናቸው፤ አትንኳቸው፣ አጠገባቸውም አትብሱ።

ቆርቆሮ የሚበሳበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት። ከስር በሻንሲው ውስጠኛ ጎን አስኬዱት፤ ከማርሚታው ቢያንስ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ከነዳጅና ከፍሬን ዘይት ቱቦ ጋር አብሮ አይታሰር። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው፤ በክረምት ግን ምን ሊያመጣ እንደሚችል በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ዋዜማ በደረሰው ጎርፍ አይተናል። አምቡላንስ ደግሞ ሌላው መኪና ሲቆም የሚሄድ ነው። ስለዚህ መገጣጠሚያ ሁሉ ከፓራውልቱ በላይ ይሁን። ከዚያ በታች የሚሄደው ሽቦ ያለ መገጣጠሚያ አንድ ወጥ ይሁን።

መብራቶቹን ከፍሬን መብራቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቃችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። የበሩን መክፈቻ፣ ታርጋውን፣ ፍሬቻውን እንዳይጋርዱ። የኋላ በሩ ሲከፈት መብራቱ ወደ ጎን የሚዞር ከሆነ በሩ ላይ ሳይሆን ቋሚው አካል ላይ ይሁኑ። በር ላይ ያለ ሽቦ በየቀኑ እየታጠፈ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል።

ነጋቲቩን ያለ ጥንቃቄ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እየመጡ የሚመለሱብኝ ችግሮች ግን አብዛኞቹ ከእሱ ናቸው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ፋቁ፣ ካፖኮርዳውን በሮንዴላና በዳዶ አጥብቁ፣ ከዚያ በላዩ ግራሶ ቀቡት። ካጠበቃችሁ በኋላ ነው የሚቀባው። ከፍሬን መብራቱ ነጋቲቭ ጋር አትጋሩ፤ የራሱ ቦታ ይኑረው። ነጋቲቭ የተጋሩ መብራቶች መገናኛው ሲላላ አንዱ በሌላው በኩል ይመለስና ሁሉም ደብዝዘው ይበራሉ።

የኋላ ማርሽ ጩኸት ካለው ወይም ልትጨምሩ ካሰባችሁ ከኋላ ማርሹ ሽቦ፣ ከዳዮዱ በፊት፣ በራሱ ፊውዝ አገናኙት። ከተሸካሚው 87 ካገናኛችሁት ፍሬን በተያዘ ቁጥርም ይጮኻል።

ፈተናው

ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። ዋናውን ፊውዝ ገና አታስገቡ። ቁልፉን ክፈቱና ፍሬኑን፣ የኋላ ማርሹን፣ ፍሬቻውን፣ የጣሪያውን መብራት አንድ በአንድ ፈትሹ፤ እንደ ድሮአቸው መሥራት አለባቸው። ከዚያ ፊውዙን አስገቡ፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር።

ጣሪያው ጠፍቶ ፍሬን፦ ቀዩ ብቻ። ጣሪያው በርቶ ፍሬን ሳይያዝ፦ ከኋላ ሁለቱ ጠፍተዋል። ጣሪያው በርቶ ፍሬን፦ ቀዩም ብርቱካናማዎቹም፤ ነጩ ግን አይበራም። ነጩ ከበራ ዳዮዱን ተመልከቱ። ጣሪያው ጠፍቶ የኋላ ማርሽ፦ ነጩና ብርቱካናማዎቹ፤ ቀዩ አይበራም። ጣሪያው ጠፍቶ፣ የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሬንም ተረግጦ፦ ሁሉም የኋላ መብራት ይበራል፣ ጣሪያው ግን ጸጥ ይላል። ጣሪያው ከተነቃነቀ የበረኛው ዳዮድ ተገልብጧል ወይም ተበላሽቷል። ብርቱካናማዎቹ ጨርሶ እምቢ ካሉ በየሪሌው 86 ላይ ለኩ፤ 12 ከደረሰና ሪሌው ካልሳበ ችግሩ 85 ላይ ያለው ነጋቲቭ ነው።

አሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ዋናውን ፊውዝ ንቀሉ፤ ፍሬኑና የኋላ ማርሹ መብራት እንደተለመደው ይሠራሉ? መልሱት። የፍሬን ወሬውን 2 አምፔር ንቀሉ፤ ቀዩ መብራት አሁንም ይበራል? የእኛ ሥራ ሁሉ ቢሞት እንኳ የመኪናው የራሱ መብራት መሥራት አለበት። ይህን ፈተና ያላለፈ አምቡላንስ ከግቢዬ አይወጣም።

የመጨረሻውን ፈተና ከመሸ በኋላ አድርጉት። ከኋላው ሃምሳ እርምጃ ርቃችሁ ቁሙና ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ቀዩን ከብርቱካናማው ለይታችሁ ታያላችሁ? ዓይን እስኪያጠፋ ካብለጨለጨ ቀዩን ይውጠዋል። ብዙ ኤልኢዲዎች ሌሊት ብርሃን የሚቀንስ ሌላ ቀጭን ሽቦ አላቸው፤ ወረቀቱን አንብባችሁ ከፓርኪንግ መብራቱ ጋር አገናኙት። ከሌለው ትንሽ ወደ ታች አዘንብሉት።

የሽቦውን ሥዕል በእጃችሁ ሥላችሁ፣ ፊውዞቹ የት እንዳሉና ስንት አምፔር እንደሆኑ ጽፋችሁ፣ በፕላስቲክ አድርጋችሁ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉት። ደንገጎ ላይ በሌሊት ፊውዝ የሚቀይረው ሹፌሩ ነው፤ መለዋወጫ ፊውዝም አብሮ ይቀመጥለት። ከአንድ ሳምንት በኋላ መኪናውን አስጠሩና ነጋቲቩን ዳዶ እንደገና አጥብቁ፤ የሐረርን መንገድ ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነው የማገኘው።